ወንበር ሠሪዎች ያሳተሙት ብሉዝ

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ባለችው ፖርት ዋሽንግተን ከተማ፣ ዊስኮንሲን ቼር የሚባል የወንበር ፋብሪካ ነበር። ለኤዲሰን ኩባንያ የግራሞፎን ሣጥን ሲሠራ ቆይቶ ራሱም ግራሞፎን ወደ መሸጥ ገባ። ግራሞፎን ደግሞ ያለ ሸክላ አይሸጥም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1917 ፓራማውንት የተባለ ሸክላ አሳታሚ አቋቋመ፤ ማተሚያውንም በአቅራቢያው ባለችው ግራፍተን ተከለ። ከፊልም ሠሪው ፓራማውንት ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው የለም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ብዙ አያስወራም። ሸክላው ርካሽ፣ ድምፁ ሻካራ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1920 ማሚ ስሚዝ ለኦኬ ኩባንያ የቀዳችው ብሉዝ እንደ ጉድ ከተሸጠ በኋላ ነው። ጥቁር አሜሪካውያንም ሸክላ እንደሚገዙ ነጋዴዎቹ ያን ጊዜ ገባቸው። ፓራማውንት በ1922 ለእነዚህ ገዢዎች የታሰበ፣ ቁጥሩ ከ12000 የሚነሣ ተከታታይ ሸክላ ማውጣት ጀመረ፤ በጥቁሮቹ ጋዜጣ በቺካጎ ዲፌንደር እያስተዋወቀ፣ ሱቅ ለራቀው ደግሞ በፖስታ እየላከ።

ወንበር ሠሪዎቹ ይህን ገበያ አያውቁትም። የሚያውቀው ጄ. ሜዮ ዊሊያምስ ነበር፤ ከብራውን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ፣ የአሜሪካ ፉትቦል በክለብ ደረጃ የተጫወተ ጥቁር አሜሪካዊ። ቺካጎ ተቀምጦ ዘፋኝ ይመለምላል፣ ቀረጻውን ይመራል። ደመወዝ ግን አልነበረውም፤ የሚኖረው ከዘፈኖቹ የኅትመት መብት በሚያገኘው ድርሻ ነው። ዘፋኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የቁርጥ ክፍያ ተቀብለው ይሸኛሉ። በሩን የከፈተላቸው ሰው በዚያው በር ላይ ቆሞ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም።

በዚህ በር በ1923 የገባችው ማ ሬይኒ በአምስት ዓመት ውስጥ መቶ ያህል ዘፈን ቀድታለች፤ በ1924 ኒው ዮርክ ውስጥ ስትቀዳ ኮርኔት የነፋላት ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ ነው። በጉዞዋ ባንዷን የሚመራው ፒያኒስት ደግሞ ቶማስ ዶርሲ ይባላል። የሰባኪ ልጅ ነው፤ ለዊሊያምስም ዘፈኖችን በኖታ ይጽፍ ነበር። በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተች፣ ሕፃኑም ተከተላት። ከዚያ ሐዘን የወጣው መዝሙር በዓለም ዙሪያ ተዘመረ፤ ዶርሲም የጎስፔል አባት ተባለ። መዝሙሩ ላይ የብሉዝ ጠረን አለ ብለው በራቸውን የዘጉበት አብያተ ክርስቲያናት ግን ጥቂት አልነበሩም።

ድንበሩ ድሮም ቀጭን ነበር። የቴክሳሱ ዐይነ ስውር ጊታረኛ ብላይንድ ሌመን ጄፈርሰን ለፓራማውንት መጀመሪያ የቀዳው መንፈሳዊ መዝሙር ነው፤ ሸክላው ላይ የታተመው ስም ግን «ዲያቆን ኤል. ጄ. ቤትስ» ይላል። ብሉዙ ሲወጣ በራሱ ስም ሆነ፣ ተወዳጅነቱም ከኩባንያው ግምት አለፈ። ኋላ ፎቶግራፉ ያለበት፣ መለያ ወረቀቱ ሎሚ ቀለም የሆነ ልዩ ሸክላ አወጡለት።

የሚሲሲፒው ቻርሊ ፓተን በ1929 ሲመጣ ደግሞ አንዱን ሸክላውን «ጭምብል ያጠለቀው» በሚል ስም አውጥተው ዘፋኙ ማን እንደሆነ ለሚገምት አንድ ሸክላ በነፃ እንሰጣለን አሉ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሻካራ ነው ብለው ሊመልሱት ይችሉ ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ ፓራማውንት ብዙ ያስተረፈው ጆሮ ስላልነበረው ነው፤ የሚሸጥ እስከመሰለው ድረስ አይመርጥም።

ያው ግድየለሽነት በኋላ አጠፋ። የኢኮኖሚ ቀውሱ ገዢዎቹን ድሃ አደረጋቸው፤ ቀረጻው በ1932 ቆመ። ድምፅ መጀመሪያ በሰም ላይ ይቀረጻል፤ ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወሰዳል፤ ሸክላው የሚታተመው ከዚያ ነው። ኩባንያው ብዙዎቹን የብረት ቅርጾች ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሸጠ። ዛሬ የምንሰማው በየሰው ቤት ከተረፉና በመርፌ ከተፋቁ ሸክላዎች የተገለበጠውን ነው። ሰብሳቢዎች ዛሬም ይፈልጋሉ። የፓተን ባልደረባ ዊሊ ብራውን በ1930 ግራፍተን ሄዶ ከቀዳቸው ሸክላዎች አንዱ በእጅ አለ፤ የሌሎቹ ግን አንድ ቅጂ እንኳ እስካሁን አልተገኘም።