አሎሎ የሚወረወረው በእግር ነው

አትሌቲክስ ሲባል ለኛ ሩጫ ብቻ ነው። ጅቡቲም ከዚህ አትለይም፤ አሕመድ ሳላህ እ.ኤ.አ. በ1988 ከሴኡል ኦሎምፒክ ያመጣው የነሐስ ሜዳሊያ በማራቶን ነበር። በጅቡቲ ከተማ ባሕር ዳር ድንጋይ እየወረወሩ የሚፎካከሩትን ልጆች ያየ ሰው ግን "ከነዚህ መሐል ጦር ወርዋሪ አይጠፋም" ሳይል አያልፍም። ደግሞስ በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንግ የሚወረወርበት ጉግስ የማን ጨዋታ ሆነና!

ጎረቤታችን ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ ጦር ውርወራን የተማረው በዩቲዩብ ቪዲዮ እያየ ነው። በኋላ ፊንላንድ ሄዶ አሰልጣኝ አገኘ፤ በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስደተኞችም አሉ። ወላጆቿ ከሶሪያ የተሰደዱት አሊያ ኢሳ፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ በዱላ ውርወራ ስትወዳደር በስደተኞች ቡድን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

ታዲያ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ልጅ ክንዱን ብቻ ያፈረጥማል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የቡሄን ጅራፍ አስቡት፤ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እጀታው ነው፣ የሚጮኸው ግን ጫፉ ነው። ውርወራም እንዲሁ ከእግር ይነሳና በዳሌና በወገብ አልፎ ትከሻ ይደርሳል፤ እጅ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብድግ፣ ዝላይ፣ ደረጃ መውጣት ይቅደም። ጂም የለም ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ አሮጌ ጆንያ ላይ አሸዋ ሞልቶ፣ ጥብቅ አድርጎ አስሮ መሸከም ይቻላል። አነስ ያለውን ከረጢት ደግሞ በሁለት እጅ ይዞ ከጉልበት ተነስቶ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መወርወር ነው። እዚህ ላይ ክብደት ሳይሆን ፍጥነት ነው የሚፈለገው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ጡንቻ የሚያድገው በእረፍት ጊዜ ነው።

ወላጆች፣ ይቺን አደራ ልብ በሉልን። የአዋቂ ወንዶች አሎሎ 7.26 ኪሎ፣ የሴቶች 4 ኪሎ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ወንዶች 5፣ ለሴቶች 3 ኪሎ ይሆናል። የ13 ዓመት ልጅ የአዋቂ አሎሎ አንስቶ "እዩኝ" ሲል አታጨብጭቡለት። ሰውነቱን ሳያሟሙቅ በየቀኑ የሚወረውር ልጅ ትከሻውና ክርኑ ይጎዳል፤ ሕመሙን ደብቆ ከቀጠለ ደግሞ ጨዋታው ቀርቶ ውኃ የመቅዳት ሥራውም ያቅተዋል። ቁራጭ ካላማዳሪያ እንጨት ላይ አስሮ፣ ክርንን ከጎን አጣብቆ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ መሳብ ትከሻን ያጠነክራል። ያመመው ልጅ ግን ያቁም፤ ካልተሻለው ለጤና ባለሙያ ይታይ።

የጅቡቲን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ልምምዱ ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትከር ይሁን። ውኃ ሳይዝ የሚሄድ እንዳይኖር፤ በሚወረወርበት አቅጣጫም ሕፃናት እንዳይቆሙ አንድ ትልቅ ሰው ይጠብቅ።