ባሮሎ፤ መልኩ የሳሳ ኃይሉ የበረታ ወይን

የወይንን ብርታት በቀለሙ ጥቁረት የሚመዝን ሰው ባሮሎን ሲያይ ይሳሳታል። በብርጭቆ ሲቀዳ ቅላቱ ሳሳ ያለ ነው፤ ዕድሜው በጨመረ መጠንም መልኩ ወደ ጡብ ቀለም ይለወጣል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሲጎነጩት ምላስንና ድድን ጨምድዶ ይይዛል፤ ስኳር እንደሌለው ወፍራም ሻይ አፍን ያደርቃል። ይህ ኃይል ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን የተባለው ነገር ነው።

አገሩ በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ በፒዬሞንቴ ክፍል፣ ከአልባ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያሉት የላንጌ ኮረብታዎች ናቸው። ባሮሎ የአንዲት ትንሽ መንደር ስም ሲሆን፣ በዚህ ስም ወይን ለመጥመቅ የተፈቀደው በ11 ቀበሌዎች ክልል ብቻ ነው። የሚጠመቀውም ኔቢዮሎ ከተባለው ከአንዱ የወይን ዘር ብቻ ነው። ይህ ተክል ቀድሞ አብቦ ዘግይቶ የሚበስል አስቸጋሪ በመሆኑ ለቀማው ብዙውን ጊዜ እስከ ጥቅምት ይቆያል። በዚያም ወራት ኮረብታውን ጉም ይሸፍነዋል፤ ስሙ ኔቢያ ከሚለው የኢጣሊያ ቃል፣ ማለት ከጉም፣ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። የላ ሞራ ምድር ለዘብ ያለውን፣ የሴራሉንጋ ምድር ጠንካራውንና ብዙ ዓመት የሚቆየውን ይሰጣል። ኋላ ለኢጣሊያ አንድነት የደከመው ኮንት ካሚሎ ካቩር ከ1832 እስከ 1849 በፈረንጆች አቆጣጠር ከነዚሁ ቀበሌዎች የአንዷ፣ የግሪንዛኔ፣ ከንቲባ ነበረ።

መንግሥት የባሮሎን ስም በ1966 በሕግ ከለለው፤ በ1980 ደግሞ ከፍተኛውን የዋስትና ማዕረግ ሰጠው። ሕጉ ወይኑ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚህም ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል እንዲቆይ ያዛል፤ ሪዜርቫ የተባለው 62 ወር ይጠብቃል። ይህ ለነጋዴ ገንዘቡ ከሦስት ዓመት በላይ በምድር ቤት ተቆልፎበት መቀመጡ ነው።

በዚሁ በትዕግሥቱ ምክንያት ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተጣልቷል። የላ ሞራው ኤሊዮ አልታሬ የቡርጎኝን ጠማቂዎች ሥራ በፈረንሳይ ተመልክቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1983 የአባቱን ታላላቅ አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው። አባትየውም ተቆጥቶ ከውርስ ነቀለው። ወጣቶቹ ልጣጩን ከጭማቂው ቶሎ እየለዩ፣ ባሪክ በተባለው ትንሽ የፈረንሳይ በርሜል ቶሎ የሚጠጣ ወይን አወጡ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይህ የቫኒላ ሽታ እንጂ ባሮሎ አይደለም አሉ። ዛሬ ጠቡ በርዷል፤ ብዙዎች ከሁለቱም ወገን የሚበጃቸውን ወስደዋል። ያም ሆኖ የሽማግሌዎቹ ነቀፋ ከንቱ አልነበረም፤ ትልቁ በርሜል ወደ ብዙ ጓዳዎች ተመልሷል።

ስምን መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ ግን 1986 አሳይቷል። በዚያ ዓመት በኢጣሊያ ሜቲል አልኮል የተቀላቀለበት ርካሽ ወይን ተሽጦ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። የተበከለው ባሮሎ አልነበረም፤ ሆኖም ገዢዎች የኢጣሊያን ወይን ሁሉ ስለ ጠረጠሩ ንጹሑም ከበደለኛው ጋር ከሰረ። ስለዚህ ገዢ በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለውን ቁጥር የተጻፈበትን የመንግሥት ወረቀት ሳይመለከት ዋጋ ባይከፍል ይሻለዋል።

ወደ ገበታው ስንመጣ፣ ባሮሎ ያለ ምግብ የሚጠጣ ወይን አይደለም። ታኒኑ የሚለዝበው ከሥጋና ከስብ ጋር ሲገናኝ ነው። የአገሩ ሰዎች የበሬ ሥጋ በዚሁ ወይን ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከቅመም ጋር ዘፍዝፈው ያሳድሩና፣ በዝግተኛ እሳት ለብዙ ሰዓት ያበስሉታል፤ ብራዛቶ ይሉታል። ሥጋው በሹካ እስኪፈርስ ይለሰልሳል፤ መረቁም ጠቁሮ ይወፍራል። በእንቁላል አስኳል የተለወሰ ታያሪን የተባለ ቀጭን ፓስታም፣ ውሻ ከመሬት አነፍንፎ የሚያገኘው የአልባ ነጭ እንጉዳይ ተከትፎበት ከባሮሎ ጋር ይቀርባል። የአደን ሥጋና የበሰለ ፎርማጆም ይስማሙታል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን አይሆነውም፤ ቃጠሎው ታኒኑን ያመርረዋል፣ አልኮሉንም ያባብሰዋል። በግ ጠብሶ ወይም ቀቅሎ ማቅረብ ይበልጣል። አሮጌ ጠርሙስ የያዘ ሰው ዝቃጩ ወደ ታች እንዲወርድ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ያቁመው፤ ሲቀዳም ቀስ ብሎ፣ ዝቃጩ አንገቱ ዘንድ ሲደርስ ያቁም።