የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው ወይስ ሽቦው?

ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የላስ ቬጋስ ሙቀት 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ የከተማዋን ክብረ ወሰን ሰበረ። ለናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫ ግን ይህ ቅዝቃዜ ነው፤ የጥላሸት ማጣሪያው የተጠራቀመበትን ሲያቃጥል ሙቀቱ 600 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ከተሳሳተ ኮምፒውተሩ ቃጠሎውን ሊከለክል፣ ማጣሪያውም ሊደፈን ይችላል። ሾፌሩ ጭነቱን እንደያዘ በረሃ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱም ብዙ ሺሕ ዶላር የሚያወጣውን ማጣሪያ በከንቱ ያስለውጣል።

ምርመራው በማለዳ ቢጀመር ይመረጣል። ቆሞ ባደረ መኪና ላይ የጭስ ማውጫው ሴንሰሮች ሁሉ ለአየሩ የቀረበ ሙቀት ማሳየት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ 800 ዲግሪ ካለ ጥርጣሬው በእርሱና በሽቦው ላይ ነው። ባለ ሁለት ሽቦ የፕላቲኒየም ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል። ስለዚህ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ጋለ ይነበባል። ሶኬቱን ነቅለው በሽቦው በኩል ያሉትን ሁለት ጫፎች ሲያገናኙ ንባቡ ወደ ታችኛው ጽንፍ ከወረደ፣ ሽቦው ደኅና ነው፤ የሚለወጠው ሴንሰሩ ነው። ካልወረደ ግን በግለት የተለበለበ ሽቦ ፍለጋው ይቀጥላል።