ሲዳምኛ በኮምፒውተር ገጽ ላይ

ሰኔ 2012 የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች፤ ሲዳምኛም የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሆነ። ቋንቋው ግን ደብዳቤው ላይ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ደብዳቤው የሚጻፍበት ፕሮግራምም ሲዳምኛ መናገር አለበት። ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፤ በነፃ የሚገኘው የቢሮ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ሲዳምኛን ከገጽታ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል።

ሠራተኛው እንግሊዝኛውን ለምዶታል የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚለመደው ግን የአዝራሩ ቦታ እንጂ መልእክቱ አይደለም። ሰነድ ሳይቀመጥ ሲዘጋ «ይቀመጥ ወይስ ይጣል?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይላል፤ ሳያነብ የተጫነ ሰው የቀን ሙሉ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። አዳዲስ ቃላት ግር ያሰኛሉ የሚለው ስጋትም መፍትሔ አለው፤ የፕሮግራሙ ትርጉም ለማንም ክፍት ስለሆነ መምህራንና ጸሐፊዎች እየሠሩበት ሊያርሙት ይችላሉ። ያልተሠራበት ትርጉም አይሻሻልምና ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ዛሬውኑ ይጀምሩት።