ያገለገለ መኪና ከመግዛት በፊት

ገበሬ በሬ ሲገዛ ዝም ብሎ አይገዛም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ሰኮናውን ይመለከታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ከሁሉ በላይ ግን «የማን በሬ ነው? የት ሲያርስ ኖረ? ለምን ይሸጣል?» ብሎ ይጠይቃል። የበሬው ያለፈ ኑሮ ካልታወቀ ገንዘብ ከመቀነት አይፈታም። ይህን እኛ ተማሪዎች የተማርነው ከገበሬው ነው፤ ከተማ ላደገ ሰው በሬ ሁሉ አንድ ይመስለዋል።

ወደ መኪና ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሦስት አራት ሰዎች የጤፍና የስንዴ ሽያጫቸውን አዋጥተው ያገለገለ አይሱዙ ወይም ባጃጅ ሊገዙ ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ እንበል። መኪናው ታጥቧል፤ ቀለም ተቀብቷል። ደላላው መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ እያሳየ «ይኸው ቦሎ አለው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይላል። በሬ ሲገዛ ያን ያህል ይመረምር የነበረው ሰው አሁን አንድም ነገር ሳይጠይቅ ብር ይቆጥራል። የስንት ዓመት ላብ በአንድ ቀን ይሄዳል።

እንግዲህ ቦሎ ምንድን ነው? ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ማኅተም ማለት ነው። (የመኪና ቃላችን ብዙው ከዚያው ነው። ፍሬንም፣ ጎማም፣ ካምቢዮም የጣልያን ቃላት ናቸው።) በአገራችን ተሽከርካሪ በየዓመቱ መመርመር አለበት። ይህም በ2002 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተደንግጓል። ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱ፣ ጎማው ታይቶ ደኅና ነው ከተባለ ምልክት ይሰጠዋል። ምልክቱ በፊት መስተዋት ላይ ይለጠፋል። ሰው ቦሎ የሚለው ይህንን ነው።

ነገር ግን ቦሎ የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው። መኪናው በተመረመረበት ቀን ደኅና ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ ተገልብጦ፣ ተቀጥቅጦና ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ለምርመራው ቀን ደኅና ጎማ ተውሶ የሚያስገጥም፣ ካለፈ በኋላ የተላጨውን ጎማ የሚመልስ ባለንብረት አይጠፋም። ስለዚህ የዘንድሮን ቦሎ ብቻ አይቶ መኪና መግዛት የበሬን አንድ ጥርስ አይቶ እንደ መግዛት ነው።

ታዲያ ያለፈው ታሪክ የት ይገኛል? መኪና ፋይል አለው። ፋይሉ የሚቀመጠው መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ የተመዘገበ ከሆነ እዚያው፣ አዲስ አበባ ከሆነም አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነውና ሰው ይሰለቻል። እኛ ግን የአንድ ሰው የአውቶቡስ ሒሳብ ከመኪና ዋጋ ጋር ቢተያይ ምንም አይደለም እንላለን። ገዢው ከባለንብረቱ ጋር ሄዶ ፋይሉ እንዲታይለት ይጠይቅ። መኪናው ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ፣ ሞተሩ ወይም ቀለሙ ተለውጦ እንደ ሆነ፣ በየትኞቹ ዓመታት እንደ ተመረመረ ይጠይቅ። በመካከል ሳይመረመር የቀረበት ዓመት ካለ እዚያ ላይ መቆም ነው። ያን ዓመት የት ነበር? ጋራዥ ቆሞ ነበር? ተጋጭቶ ነበር? ወይስ ሳይመረመር ሰውና እህል ሲጭን ከረመ? ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቢመለስ ይሻላል።

በእንግሊዝ አገር አሮጌ መኪናን በየጊዜው መመርመር የተጀመረው በ1953 ዓ.ም. ነው። ዛሬ እዚያ ማንም ሰው የሰሌዳውን ቁጥር በስልኩ አስገብቶ፣ መኪናው ባለፉት ዓመታት ሲመረመር ምን ጉድለት እንደ ተገኘበትና ያን ጊዜ ስንት መንገድ ሄዶ እንደ ነበር ያለ ክፍያ ያነባል። ይህ የመንገድ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። ለምን ቢሉ፣ መሪው ፊት ያለው ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ የፍሬን መርገጫው ጎማ ተበልቶ ካለቀ፣ እግር የረገጠውን ማመን ነው።

ከፋይሉ ቀጥሎ የሚታየው ሊብሬው ነው። ሊብሬ የመኪናው የባለቤትነት ደብተር ነው። በውስጡ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። እነዚሁ ቁጥሮች በመኪናው ብረት ላይ ተመትተዋል። አንዱ ሰው ሊብሬውን ይዞ ያንብብ፤ ሌላው ብረቱን በጨርቅ ጠርጎ ያንብብ። አንድ በአንድ ይተያይ። የላቲን ፊደልም ስለሚገባበት የማያውቅ ሰው ቅርጽ ከቅርጽ ያስተያይ ወይም ተማሪ ልጁን ይዞ ይሂድ። አንድ ቁጥር ብትለይ፣ ወይም ብረቱ ተፍቆ እንደ ገና የተመታ ቢመስል፣ ያ መኪና የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ያነበበ ሰው ለዚህ ደላላ አያስፈልገውም። ደላላው እኮ የሚከፈለው ሲሸጥ እንጂ ሳይሸጥ ሲቀር አይደለም።

ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመንም አለ። ዘመኑ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሻጩ «የ2010 መኪና ነው» ቢል፣ በማን 2010? በፈረንጅ 2010 የተሠራ መኪና በእኛ የ2002 ወይም የ2003 ነው። እዚህ ላይ ያልጠየቀ ሰው በአንድ ቃል ሰባት ስምንት ዓመት ይከስራል።

ዕዳም አለ። ባንክ አበድሮበት መኪናውን በመያዣ ይዞት ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት አግዶትም ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ደግሞ ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው አይዞርም። ይህም ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ብረቱ ይታያል። ይህ ለጎጃም ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። እህል ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ተነሥቶ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። መውረድና መውጣቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ቁልቁለቱ ብቻ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ይጥላል። ፍሬን የሚይዘው ሸራው ታምቡሩን እየተሻሸ ነው። ሲተሻሽ ይግላል፤ እጅግ ሲግል መያዙን ይተዋል። ያረጀ የፍሬን ዘይትም ሲግል ይፈላና መርገጫው ባዶውን ይወርዳል። በሜዳ መንገድ «ደኅና ይይዛል» የተባለ ፍሬን እዚያ ሊከዳ ይችላል። ጎበዝ ሾፌር ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይወርዳል እንጂ ፍሬን ብቻ እየረገጠ አይወርድም። ቢሆንም ሸራው ያለቀ መኪና ጉብዝና አያድነውም። ስለዚህ ገዢው ጎማው ወልቆ ሸራውና ታምቡሩ ይታይልኝ ይበል። የሚያየውም መካኒክ ራሱ ገዢው ያመጣው ይሁን እንጂ ሻጩ የጠራው አይሁን።

ሞተሩ ጠዋት፣ ሳይሞቅ ቢነሣ ጥሩ ነው። ገዢ ከመድረሱ በፊት አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ አለና ኮፈኑን በእጅ መንካት ነው። በደጋ ብርድ ጠዋት ትንሽ ነጭ ጭስ ቢወጣ አያስደነግጥም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ጭስ የሚለቅ ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ያን ማደስ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ሆኖም ገዢው እያወቀ የገዛውን፣ ወይም ለማንም ግልጽ የሆነውን ጉድለት በኋላ ቢከስበት አይረዳም። ስለዚህ ምርመራው ቀድሞ ይሁን።

አንዳንዱ ሰው ስም ማዛወሪያውን ክፍያ ለማምለጥ «ውክልና ልስጥህና ንዳው» ይላል። ይህ አደገኛ ነው። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራል። በሊብሬው ላይ ያለው ስም የሟቹ ስለ ሆነ ወራሾቹ መጥተው መኪናው የአባታችን ነው ቢሉ ገዢው ሙግት ይገጥመዋል። ይልቅስ ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም። ሦስት ሰው ካዋጣም የሦስቱ ስምና የያንዳንዱ መዋጮ በጽሑፍ ይስፈር፤ ወንድማማች ነን ብሎ በአንድ ሰው ስም ማድረግ በኋላ ወንድማማችን ያጣላል።

ከውሉ በኋላ ስሙ በሊብሬው ላይ ይዞራል። የሦስተኛ ወገን መድንም በሕግ ግዴታ ነውና ይጠየቅ። አዲሱን ሊብሬ ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስምን፣ የአባት ስምን፣ የአያት ስምን፣ ቁጥሮቹንም አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ፊደል ተሳስቶ ከሆነ ጸሐፊው ፊት ሳሉ ማስተካከል ይቀላል።