ዲካንተሩን ከቡፌ አውርዱት

የአዲስ አበባን ሳሎኖች የሚያውቅ ሰው ቡፌውንም ያውቃል። ወርቅ ቅብ ያላቸው ስኒዎች፣ ከዱባይ በሻንጣ የመጡ ብርጭቆዎች፣ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የማይወርዱ ሰሃኖች። ከነዚህ መሀል አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ አንድ የመስታወት ዕቃ ቆሞ ታያላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሠርግ ስጦታ ነው። አንዱ ቤት የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል፤ ሌላው ቤት ሳንቲም ይጠራቀምበታል። ዲካንተር ነው፤ ወይን ከመጠጣቱ በፊት ከጠርሙሱ የሚገለበጥበት ዕቃ። ባለቤቶቹ ወይን ይጠጣሉ፣ ስለ ወይንም ይከራከራሉ፤ ዲካንተሩን ግን አያወርዱትም። ከዚያ ቡፌ ውስጥ እንደ እርሱ ያለ ሥራ ያለው ዕቃ የለም ብዬ ስነግራቸው ይስቃሉ።

ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ማጥራት ነው። ቀይ ወይን ለዓመታት ሲቀመጥ አፍ የሚያኮማትረው ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ እየተያያዘ ታች ይዘቅጣል። ጠላና ጠጅ በሚጠለልበት አገር ስለ አተላ ማብራራት ድፍረት ነው፤ ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ አቁሙት፣ ስትገለብጡ ከአንገቱ ሥር የስልክ መብራት አብሩ፣ አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ አቁሙ። እኛ ዘንድ የሚሸጠው ወይን አብዛኛው ወጣትና ተጣርቶ የወጣ ስለሆነ ይህ ሥራ እምብዛም አይገጥመንም። ሁለተኛው ሥራ ወይኑን ከአየር ጋር ማገናኘት ነው፤ ስሕተቱ የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው።

ቦሌ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጠን ቀይ ወይን አዘዝን። አስተናጋጁ ቡሹን ነቀለ፣ ጠርሙሱን በክብር ጠረጴዛው ላይ አቆመና «እህቴ፣ ትንሽ ይተንፍስ፤ መጥቼ እቀዳላችኋለሁ» ብሎኝ ሄደ። በትሕትና የተነገረ ነገር ስለሆነ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ዳቦ አልቆ ሁለተኛው መጣ። ጠርሙሱ እንደ ቆመ ነው። አንዱ ወዳጄ በየመሀሉ እያየው «ገና ነው» ይላል፤ ምን እንደሚጠብቅ ግን እርሱም አያውቅም። አስተናጋጁን አልወቅሰውም፤ ይህን እምነት ፓሪስም ኒው ዮርክም ያሉ ሰዎች ይጋሩታል። ነገር ግን ቡሹ የተነቀለ ጠርሙስ አይተነፍስም።

እስኪ እንለካው። መደበኛ የወይን ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የአፉ ስፋት ከውስጥ በኩል 18.5 ሚሊ ሜትር ነው። የ1 ብር ሳንቲም አያስገባም። በዚያች ቀዳዳ በኩል አየር የሚያገኘው የወይን ገጽ 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሥሩ ያለው ወይን ሁሉ ተራውን እየጠበቀ ነው። ያንኑ ወይን ሆዱ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ዲካንተር ውስጥ ስትገለብጡት ገጹ ከ300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ከጠርሙሱ አንገት 100 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጥልቀቱም ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። የዲካንተሩ ሆድ እንዲያ የተነፋው ለውበት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለዚህ ስፋት ነው የተነፋው።

ስፋቱም ቢሆን ብቻውን ብዙ አይረዳም። ኦክስጅን ባልተነካካ ፈሳሽ ውስጥ የሚጓዘው በሚያሰለች ዝግታ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ለመውረድ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ከባዱን ሥራ የሚሠራው መገልበጡ ራሱ ነው። ወይኑ ሲወርድ ይሰነጣጠቃል፣ በመስታወቱ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ሻሽ ይዘረጋል፣ አረፋ ያነሣል፣ ያ አረፋ አየሩን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች የሚገባው ኦክስጅን ክፍት ጠርሙስ ሲጠብቅ አምሽቶ የማያገኘው ነው። ስለዚህ አተላ የሌለውን ወጣት ወይን ስትገለብጡ አትሽቆጥቆጡ፤ ጠርሙሱን ከፍ አድርጉና ይንዶቅዶቅ። ከዚያ ዲካንተሩን በአንገቱ ይዛችሁ አንድ ሁለቴ አዙሩት።

የሚለወጠው ምንድን ነው? በመጀመሪያ የሚወጣ ነገር አለ። ወይን አየር ሳያገኝ ታሽጎ ሲቆይ፣ በተለይም ክዳኑ በሚጠመዘዝ ቆርቆሮ የተዘጋው፣ አንዳንዴ ሲከፈት የተጫረ ክብሪት፣ የተቀቀለ ጎመን፣ ከከፋም የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሰልፈር ያለባቸው ጋዞች ናቸው። ብዙዎቹ በቀላሉ ስለሚተኑ ሰፊ ገጽ ካገኙ ይወጣሉ። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው ጠርሙስ አንድ ጊዜ ቢገለበጥ ኖሮ ይድን ነበር። የሚገባው ደግሞ ኦክስጅኑ ነው፤ እርሱ ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። «ዲካንተር ታኒኑን ያለሰልሳል» የሚባለውን ብዙ አትመኑት። ታኒን በእውነት የሚለሰልሰው በበርሜልና በጠርሙስ ውስጥ፣ በወራትና በዓመታት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚለወጠው ይበልጡን ሽታው ነው፤ ክፉው ሽታ ሲሄድ ተሸፍኖ የነበረው የፍሬ መዓዛ ብቅ ይላል፣ ምላሳችንም በአፍንጫችን ተታሎ «ለሰለሰ» ይላል። መታለሉ ደስ የሚል ነው፤ ምክንያቱን ግን እንወቀው።

እዚህ ላይ የውጭ መጻሕፍት የማይነግሩን የራሳችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የኦክስጅን መጠን ደግሞ በላዩ ባለው የኦክስጅን ግፊት ልክ ነው። ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማትለው የፈረንሳይዋ ቦርዶ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ ወይን፣ እዚህ 6 አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል። ስለዚህ «ግማሽ ሰዓት አቆዩት» የሚል ምክር ስታነቡ ጸሐፊው የት ቁጭ ብሎ እንደ ጻፈው አስቡ። ሽታው ለመውጣት ከፍታው አያግደውም፤ በዚህ በኩል ከቦርዶ የምናንስበት ምክንያት የለም። ኦክስጅን ለሚፈልገው፣ መዓዛው ለተዘጋው ወጣት ወይን ግን እኔ ሁለት ጊዜ እገለብጣለሁ፤ ከጠርሙስ ወደ ዲካንተር፣ ጥቂት ቆይቼ ከዲካንተሩ ወደ ንጹሕ ጆግ፣ ከጆጉ መልሼ ወደ ዲካንተሩ። የመስታወት ጆግ እንጂ የፕላስቲክ አይሁን፤ ፕላስቲክ የትናንቱን ጁስ አይረሳም። ዲካንተር የሌለው ሰውም በሁለት የመስታወት ጆግ ሥራውን ይሠራል፤ ይህን ለሻጮቹ እንዳትነግሩብኝ።

ይህን ሁሉ የሚቃወሙ ትልቅ ሰው ነበሩ። ከ1912 እስከ 2004 የኖሩት የቦርዶው የወይን ሊቅ ኤሚል ፔይኖ፣ ወይንን ለረጅም ጊዜ ለአየር ማጋለጥ መዓዛውን ያባክናል ይሉ ነበር፤ የሚገለበጥ ከሆነም ለአተላው ሲባል፣ እርሱም ሊጠጣ ሲል እንዲሆን ይመክሩ ነበር። አሮጌ ወይን ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሃያ ዓመት የተቀመጠ ወይን በሰፊ ዲካንተር ውስጥ ሰዓታት ቢቆይ የቀረችውን መዓዛ አየሩ ይወስዳታል። ወጣቱና የሚከረፋው ወይን ላይ ግን አፍንጫዬ ከፔይኖ ጋር አይስማማም። ሰዓት ከማየት መቅመስ ይሻላል፤ እንደ ተገለበጠ አንድ ጉንጭ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ጉንጭ፣ ሲጥማችሁ ቅዱ።

አገራችን ካሉት ወይኖች የትኛው ይገለበጥ? የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ያለማውና እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበው ሪፍት ቫሊ፣ በተለይ ካቤርኔ ሶቪኞኑና ሲራው፣ ከዲካንተር ሲወጣ ሌላ ነው። ጉደርም ቢገለበጥ አይጎዳም። ጣፋጩን አክሱማይት በቀጥታ ብርጭቆ ውስጥ ቅዱት። አረፋ ያለውን ወይን ዲካንተር ውስጥ የሚገለብጥ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፤ የተከፈለበት አረፋ ነው የሚጠፋው።

አሁን የቡፌው ዲካንተር ይፈተሽ። በጥፍር ሲነካ እንደ ደወል የሚጮህ፣ ሲነሣ የሚከብድ፣ ተቀርጾ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እርሳስ ያለበት ክሪስታል ሊሆን ይችላል። ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የተባለ እንግሊዛዊ በ1674 የአዲስ መስታወት ፈቃድ አውጥቶ፣ ብዙም ሳይቆይ እርሳስ በመጨመር ነው ያንን ብርሃን ያመጣው። በኋላ ዘመን የእርሳስ ክሪስታል የሚባለው ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ያለበት ሆነ። ለአንድ ምሽት ቢቀዳበት አያስፈራም። አስፈሪው ውስኪና ብራንዲ ሞልተው ለወራት ቡፌ ላይ የሚያቆሙት ነገር ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ በእንዲህ ያለ ዲካንተር 4 ወር የቆየ ፖርት ወይን ውስጥ በሊትር በሺዎች የሚቆጠር ማይክሮ ግራም እርሳስ ተገኝቷል። መጠጥ እያሳደሩ ለእንግዳ የምታስጎበኙ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። አዲስ የምትገዙ ደግሞ ተራ ግልጽ መስታወት ግዙ፤ ወይኑን የሚያሳየውም እርሱ ነው።

ስለ ማጠብ ደብረ ብርሃን ያሉትን አክስቴን ሳላነሣ አላልፍም። ዲካንተሬን አውሼያቸው ስመለስ በወይራ ጭስ ሲያጥኑት ደረስኩ። ጮህኩ። «ምን ነካሽ ልጄ፣ ዕቃ ሳይታጠን መጠጥ ይገባበታል እንዴ?» አሉኝ። ለጠላ ጋን ትክክል ናቸው። ለዲካንተር ግን ጭስ ቀርቶ የሳሙና ሽታ እንኳ ብዙ ነው። የቀዳሁበትን ወይን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ወይራ ወይራ አሰኘው፤ እርሳቸው ቀምሰው «አሁን ገና መጠጥ ሆነ» አሉ።

ሳሙና ከቀጭን አንገት በቀላሉ አይወጣም። እንደ ተጠጣ ወዲያው ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁት፤ ከአደረ ቀለሙ ይጣበቃል። ከተጣበቀ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ፣ ትንሽ ኮምጣጤና ውሃ ጨምራችሁ አሽከርክሩት። ከዚያ ደፍታችሁ፣ አፉ ግን አየር እንዲያገኝ አድርጋችሁ አድርቁት፤ ውሃ ቋጥሮ የተቀመጠ ዲካንተር እርጥብ ጨርቅ ይሸታል፣ ያም ሽታ ወደ ወይኑ ይሄዳል። የተረፈ ወይን ካለም ዲካንተሩ ውስጥ አታሳድሩት፤ በትንሽ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡትና በማግስቱ ጨርሱት።