በክንፍ ላይ የሚጋገር በረዶ፦ ክብደቱ ነው ወይስ ቅርጹ?

በበረራ ላይ ባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ላይ በረዶ ሊጋገር እንደሚችል የሚሰሙ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አደጋውን ከክብደት ጋር ያያይዙታል፤ አውሮፕላኑ ስለከበደ ወደቀ ይላሉ። ክብደቱ የሚናቅ ባይሆንም፣ አውሮፕላኑን የሚጥለው በዋናነት የክንፉ ቅርጽ መበላሸት ነው።

ለመሆኑ በረዶው ከየት ይመጣል? ውኃ በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል ብለን ተምረናል። ይበልጥ ትክክል የሚሆነው ግን በረዶ በዜሮ ዲግሪ ይቀልጣል ማለቱ ነው። ውኃ ወደ በረዶነት ለመለወጥ ሞለኪውሎቹ መደርደር የሚጀምሩበት መነሻ፣ ለምሳሌ ተስማሚ የአቧራ ቅንጣት፣ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ የደመና ጠብታዎች ይህን ስለማያገኙ ከዜሮ በታች ቀዝቅዘውም ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ እጅግ ንጹሕ የሆኑት ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ሊዘልቁ ይችላሉ። አውሮፕላን በመካከላቸው ሲያልፍ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር ይጋጩና መርጋት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ብዙ ያስተምራል። አንድ ግራም ውኃ ሲረጋ 334 ጁል ያህል ስውር ሙቀት ይለቃል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያለን አንድ ግራም ውኃ ወደ ዜሮ ለማድረስ ግን 42 ጁል ይበቃል። እንግዲህ የጠብታው አንድ ስምንተኛ ያህል እንደረጋ የሚወጣው ሙቀት የቀረውን ወደ ዜሮ ያደርሰዋል፤ ያም የሚረጋው አየሩና ክንፉ ሙቀቱን ሲወስዱለት ብቻ ነው። ጠብታው ትንሽ፣ አየሩም በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ይህ በቅጽበት ይፈጸምና ነጭ፣ ሻካራ በረዶ ይሠራል። ጠብታው ትልቅ፣ ቅዝቃዜውም መጠነኛ ከሆነ ግን ውኃው ወደ ኋላ እየፈሰሰ ይረጋል። ይህኛው እንደ መስታወት የጠራ ስለሆነ ለዓይን ያስቸግራል፤ አንዳንዴም ከጠርዙ ላይ እንደ ሁለት ቀንዶች ይበቅላል። ከሁለቱ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

የክንፍ አንሺ ኃይል የተመሠረተው አየሩ የክንፉን ገጽ ተከትሎ በመፍሰሱ ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እንደሚያስጠነቅቀው፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ በረዶ እንኳ አንሺውን ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ ጎታቹን እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። አንሺው ኃይል ከፍጥነት ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ፣ 30 በመቶውን ለማካካስ ፍጥነቱ 20 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። በንጹሕ ክንፍ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በታች መንሳፈፍ የማይችል አውሮፕላን አሁን 120 ያስፈልገዋል። ጎታቹ ኃይል ጨምሮ፣ ፕሮፔለሩም በረዶ ለብሶ፣ አነስተኛ ሞተር ይህን ትርፍ ጉልበት ከየት ያመጣል? የማስጠንቀቂያ ደወሉም የተስተካከለው ለንጹሕ ክንፍ ነው፤ ሳይጮኽ አውሮፕላኑ ሊወድቅ ይችላል።

የበረዶ መከላከያ የተገጠመላቸውም ቢሆኑ ሙሉ ዋስትና የላቸውም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1994 ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ቺካጎ ይበር የነበረ ኤቲአር 72 አውሮፕላን፣ በኢንዲያና ግዛት ሮዝላውን አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 68 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ተራ እየጠበቀ በደመና ውስጥ ሲዞር የክንፉን የፊት ጠርዝ የሸፈነው ጎማ በአየር እየተነፋ በረዶውን ሰብሮ ይጥል ነበር፤ ትላልቆቹ ጠብታዎች ግን ከጎማው ኋላ ረጉ። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው፣ አይለሮን የተባለው ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ በተዛባው አየር ተስቦ በራሱ ታጠፈ፤ አውሮፕላኑም ተገለበጠ። አነስተኛ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ይህ ጎማ እንኳ የላቸውም።

ነገሩ የቀዝቃዛ አገሮች ጣጣ ብቻ አይደለም። በሞቃታማው የምድር ክልል የዜሮ ዲግሪ ከፍታ 5000 ሜትር ገደማ ነው። በረዶ የያዘው አብራሪ ከሚያመልጥባቸው መንገዶች አንዱ ወደ ሞቃት አየር ዝቅ ማለት ነው፤ በቆላ ላይ ለዚህ ሰፊ ቦታ አለው። የራስ ዳሸን ጫፍ ግን ከ4500 ሜትር ይበልጣል፤ በሰሜን ተራሮች ላይ በተራራውና በበረዶው ክልል መካከል የሚቀረው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው።